በሩ ተከፍቷል፣ አስተርጓሚውስ? መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በጅዳና በመካ ዩኒቨርሲቲዎች

በመካ፣ በመስጂደል ሐራም የጁምዓ ኹጥባ ሲጀመር አብዛኛው ሰጋጅ ጆሮውን ወደ ሚንበሩ ይጥላል። መስማት ለተሳናቸው ሰጋጆች በተለየው ስፍራ ግን ዓይን ሁሉ በአንድ ሰው እጆች ላይ ያርፋል። ኢማሙ የሚናገሩትን አስተርጓሚው እግር በእግር እየተከተለ በምልክት ቋንቋ ያስተላልፈዋል። የዓረፋ ኹጥባም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አማርኛን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች እየተተረጎመ ለሑጃጁ ይደርሳል። በሁለቱም አገልግሎቶች ሥር ያለው ሐሳብ አንድ ነው፦ አንድ ሰው በስፍራው ተገኝቷል ማለት የሚነገረው ገብቶታል ማለት አይደለም፤ እንዲገባው ማድረግ ደግሞ የባለቤቱ የመስጂዱ ኃላፊነት እንጂ የእንግዳው ዕዳ አይደለም።

ይኸው ሐሳብ ከሐረሙ ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲዘልቅ ጥያቄው ይከብዳል። ኹጥባ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ግን ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ በቀን ብዙ ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ በብዙ አዳራሾች የሚካሄድ ነው። አንድ አስተርጓሚ ለአንድ ሚንበር ይበቃል፤ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ግን ሃያውም ላይበቃ ይችላል። መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ለሚሰሙ ተማሪዎች በተሠሩ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲማሩ በሳዑዲ ዓረቢያ በሕግም በፖሊሲም ከተወሰነ ቆይቷል። የዛሬው ጥያቄ መግባታቸው ሳይሆን ከገቡ በኋላ ትምህርቱ ይደርሳቸዋል ወይ የሚለው ነው።

የአገሪቱ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ትምህርት ታሪክ ከ1960ዎቹ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1964 በሪያድ «መዕሀድ አል-አመል»፣ ማለትም የተስፋ ተቋም፣ የተሰኘው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ተመሳሳይ ተቋማትም ለወንዶችና ለሴቶች ለየብቻ በሌሎች ከተሞች ተስፋፉ። ተቋማቱ ብዙ ትውልድ አስተምረዋል። መስማት የተሳነው ልጅ ከቤት ወጥቶ እንደ እርሱ በእጁ የሚናገር ጓደኛ ያገኘው እዚያ ነው። ሥርዓተ ትምህርታቸው ግን የተቀነሰና የቀለለ ነበር፤ መጨረሻውም የእጅ ሙያ ወይም አነስተኛ የቢሮ ሥራ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ልጆች ክፍሎች በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ እንዲሆኑ ሲደረግ የልጆቹ ምኞት ከፍ አለ። ከሚሰሙ እኩዮቹ ጋር በአንድ ግቢ ያደገ ልጅ እነርሱ ወደሚሄዱበት ለመሄድ መጠየቁ አይቀርም።

ሕጉም ተከተለ። በ2000 መጨረሻ የአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ ሕግ ወጣ። በ2008 መንግሥቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀ፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ ስለ ከፍተኛ ትምህርትና ስለ ምልክት ቋንቋ በግልጽ ይናገራል። በ2018 የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የሚከታተል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2023 ደግሞ «እንክብካቤ» ከሚለው ቃል ወደ «መብቶች» የተሻገረ አዲስ ሕግ ጸደቀ። የቃሉ ለውጥ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እንክብካቤ የሚሰጠው ሰጪው ባሰበ ጊዜ ነው፣ መብት ግን ባለቤቱ የሚጠይቀው ነው። ከዩኒቨርሲቲዎች መካከል በሪያድ የሚገኘው የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ በ2010ዎቹ መጀመሪያ መስማት ለተሳናቸውና ለመስማት ለሚቸገሩ ተማሪዎች ከመሰናዶ ዓመት የሚነሣ የተለየ መርሐ ግብር ከፍቷል።

በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ሸክሙ በዋናነት የሚያርፈው በሁለቱ ታላላቅ ተቋማት ላይ ነው። በጅዳ የሚገኘው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ በ1967 በከተማዋ ነጋዴዎችና ታላላቅ ሰዎች ተነሳሽነት በግል ተቋምነት ተመሥርቶ በ1971 ወደ መንግሥት የዞረ ነው። በመካ የሚገኘው ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ ሥሩን የሚቆጥረው በ1949 ከተከፈተው የሸሪዓ ኮሌጅ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲነት የቆመው በ1981 ነው። በ2014 የተቋቋመው የጅዳ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ሆኖ ተጨምሯል። በሦስቱም ግቢዎች የሚማረው ወጣት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ መስማት የተሳናቸው ደግሞ በዚያ ባሕር ውስጥ ጥቂት ጠብታዎች ናቸው። የችግሩ ግማሽ የሚመነጨውም ከዚህ ጥቂትነት ነው።

ችግሩ እንዲገባ የአንድ ሌክቸር ሰዓት መመልከት ይበቃል። የሚሰማ ተማሪ መምህሩን እያዳመጠ ይጽፋል፤ ጆሮው ሲሠራ ዓይኑና እጁ ነፃ ናቸው። መስማት የተሳነው ተማሪ ግን የሚያዳምጠው በዓይኑ ነው። አስተርጓሚውን ሲያይ ሰሌዳውን ያጣል፤ ሰሌዳውን ሲያይ አስተርጓሚው ያመልጠዋል፤ ደብተሩ ላይ ሊጽፍ ካቀረቀረ ሁለቱም ይቀሩበታል። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ እየጻፈ መናገር የለመደ ከሆነ ከንፈር በማንበብ የሚረዳ ተማሪ ያን ጊዜ በሩ ተዘግቶበታል ማለት ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ጥያቄ ተነሥቶ ሁሉም ሲስቅ፣ ሳቁን ያያል እንጂ ምክንያቱን አያውቅም። ማስታወሻ የሚጽፍለት ጓደኛ፣ አስቀድሞ የሚሰጥ የንግግር ጽሑፍ፣ በስክሪን ላይ የሚወጣ የጽሑፍ ትርጉም የቅንጦት ነገሮች ተደርገው የሚቆጠሩት ይህን ላላየ ሰው ብቻ ነው።

አስተርጓሚውም ማሽን አይደለም። የሚሰማውን በአእምሮው ይዞ ወደ ሌላ ቋንቋ እየለወጠ በእጁና በፊቱ መናገር ከባድ ድካም አለው። ስለዚህ በዓለም አቀፍ ልምድ ረዘም ላለ ንግግር ሁለት አስተርጓሚዎች በሃያና በሠላሳ ደቂቃ እየተቀያየሩ ይሠራሉ። አንድ ተማሪ በሳምንት አሥራ አምስት ሰዓት ቢማር የሚያስፈልገው የሰው ኃይል ከዚህ ይሰላል።

ከዚያ የቃል ጉዳይ ይመጣል። የምልክት ቋንቋ በገበያ፣ በቤትና በመስጂድ ለሚነገረው ሁሉ ምልክት አለው። ለኬሚስትሪ፣ ለሂሳብ አያያዝ ወይም ለኡሱል አል-ፊቅህ ግን በየዘርፉ የተማሩ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በበቂ ቁጥር እስካልተገኙ ድረስ ምልክቱም አይወለድም። አስተርጓሚው በዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ቃሉን ፊደል በፊደል በጣቱ ይጽፋል። «ቂያስ» የሚለውን ቃል እንውሰድ፦ ለሸሪዓ ተማሪ ከአራቱ የሕግ መሠረቶች አንዱ ነው፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለወጣ የሳዑዲ ወጣት ግን ቃሉ መጀመሪያ የሚያስታውሰው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጀውን ማዕከል ነው። በጣት ፊደል ብቻ የተላለፈ ቃል ከትርጉሙ ጋር አይመጣም።

«ታዲያ አንብቦ አይረዳም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልሱ ግን ብዙዎች የማይጠብቁት ነው። በምልክት ቋንቋ አፉን ለፈታ ሰው የተጻፈው ዐረብኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ድምፁን ሰምቶት የማያውቀውን ቋንቋ፣ ከነእርባታውና ከነኢዕራቡ፣ ከወረቀት ላይ ብቻ የተማረ ሰው ነው። በተቀነሰ ሥርዓተ ትምህርት ያደገ ከሆነ ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ተማሪ አእምሮው ለትምህርቱ ብቁ ሆኖ ሳለ የንባብ አቅሙ ገና ሊሆን ይችላል፤ የመግቢያ ፈተና የሚለካው ግን ሁለቱን ሳይለይ ነው። የመሰናዶ ዓመት ለእንዲህ ያለው ተማሪ ትልቅ ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው፤ የዐረብኛ ንባብና ጽሑፍ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚሰጥበት ከሆነ ብቻ።

ምልክት ቋንቋ ራሱ አንድ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዐረብ ሊግ ድጋፍ አንድ ወጥ የዐረብ ምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ተሞክሮ ነበር፤ በአንዳንድ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ሥራ ላይ ውሏል። ነገር ግን በየአገሩ ያሉ መስማት የተሳናቸው ሰዎች «የራሳችን አይደለም፣ አይገባንም» ሲሉ ቅሬታቸውን አሰምተዋል። ነገሩ የፉስሓንና የመንገድ ዐረብኛን ልዩነት ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ለዩኒቨርሲቲ የሚቀጠር አስተርጓሚ ተማሪው በሚያውቀው የሳዑዲ ምልክት ቋንቋ መሠልጠን አለበት።

በሳዑዲ ግቢዎች አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ስለ አካል ጉዳተኞች በሚጻፉ አጠቃላይ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነሣም። የወንዶችና የሴቶች ግቢዎች የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ያለው የአስተርጓሚ ቁጥር ለሁለት ይከፈላል። በሴቶች በኩል የሠለጠነች ሴት አስተርጓሚ ካልተገኘች በወንዶቹ ግቢ አሥር ቢኖሩ ለተማሪዋ የሚፈይዱላት ነገር የለም። በሴቶች ግቢዎች ለረጅም ዘመን የወንድ መምህራን ትምህርት በተዘጋ ቴሌቪዥን መስመር ይተላለፍ ነበር። ለምትሰማ ተማሪ ድምፁ እስከመጣ ድረስ ችግር አልነበረውም። ከንፈር ለምታነብ ተማሪ ግን በደበዘዘ ስክሪን ላይ የሚታይ ትንሽ ፊት ምንም አይነግራትም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ትምህርት ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር ይህ ችግር ለወንዶቹም ደረሰ፤ ትምህርቱ ወደ አዳራሽ ሲመለስ ደግሞ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛው ከንፈር አንባቢዎችን ሌላ ፈተና ላይ ጣላቸው። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ጥቅም ቢኖር የተቀዳ ትምህርት ነው፤ ደጋግሞ ማየትና ጽሑፍ መጨመር ይቻላል።

በጅዳና በመካ ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የምዕራቡን ዓለም ልምድ መጥቀስ የተለመደ ነው፤ ጠቃሚም ነው፣ ወደ ኋላ ይመጣል። ነገር ግን በቅርብ ያለውን ትቶ ወደ ሩቅ መሄድ ነው። የሸሪዓ ኮሌጅ መደርደሪያ ላይ ያሉት መጻሕፍት ስለ ምልክት ቋንቋ ሕጋዊነት ከሺህ ዓመት በፊት ጀምረው ሲከራከሩ ኖረዋል። ኢማም አል-ቡኻሪ በሶሒሓቸው በፍቺ ምዕራፍ ውስጥ ስለ ምልክት አንድ ባብ ከፍተዋል። የመናገር ችሎታ የሌለው ሰው በሚታወቅ ምልክቱ ቢያገባ፣ ቢፈታ፣ ቢሸጥ፣ ኑዛዜ ቢያደርግ እንደ ተናገረ ይቆጠራል የሚለው በብዙዎቹ ፈቂሆች ዘንድ የጸና ነው። ኦቶማኖች ከ1869 ጀምረው ባጠናቀሩት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በመጀለህ፣ 70ኛው አንቀጽ ይህንኑ ከአጠቃላይ የፊቅህ መርሆች አንዱ አድርጎ አስፍሮታል። ፈቂሆቹ የተለያዩበት ነጥብ መጻፍ የሚችል ሰው ምልክቱ ይበቃዋል ወይስ ይጻፍ የሚለው ነበር፤ ይህም ዛሬ በፈተና አዳራሽ ከሚነሣው ክርክር ብዙም አይርቅም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የሐነፊ ሊቃውንት ለዳኛው የሰጡት መመሪያ ነው። ባለጉዳዩ በምልክት የሚናገር ከሆነና ዳኛው ካልተረዳው፣ ምልክቱን የሚያውቁ ወንድሞቹን፣ ጓደኞቹንና ጎረቤቶቹን አስጠርቶ ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር አስተርጓሚ የመፈለግ ግዴታ የተጫነው በችሎቱ ላይ ነው። የችሎቱን ቦታ ዩኒቨርሲቲው ቢይዝ መርሁ አይለወጥም።

የእውቀት ታሪኩም ቢሆን ባዶ አይደለም። የመካ ሙፍቲ የነበሩት ታቢዒይ ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕ ጥቁር፣ አንካሳ፣ አንድ ዓይናና አንድ እጃቸው የማይታዘዝ ነበሩ፤ በስተርጅና ዓይናቸውም ጠፍቷል። በኡመያዎች ዘመን በሐጅ ወቅት ከእርሳቸው በቀር ማንም ፈትዋ እንዳይሰጥ በአዋጅ ይነገር ነበር። ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርቡት ግን ብዙ ሰው የማያውቃቸው የነይሳቡሩ አቡል ዐባስ አል-አሶም ናቸው። «አሶም» ደንቆሮ ማለት ነው፤ ቅጽሉ የቀልድ አልነበረም። በ247 ሂጅራ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር እውቀት ፍለጋ ዞረው ከተመለሱ በኋላ ጆሯቸው ይደክም ጀመር፤ የአህያ ጩኸት እስከማይሰሙ ድረስ ደረሰ። ማስተማራቸውን ግን አላቆሙም። እርሳቸው እያነበነቡ ተማሪው እየጻፈ ከሰባ ዓመት በላይ ሐዲስ አስተማሩ፤ የመስጂዳቸውም ሙአዚን ነበሩ። የኢማም ሻፊዒይ ሙስነድ ለትውልድ የተላለፈው አል-አሶም ከኢማሙ ደቀ መዝሙር ከረቢዕ ኢብን ሱለይማን በሰሙት መሠረት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ያደገ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ሁሉ እንግዲህ ለአንድ መስማት ለተሳናቸው መምህር ባለዕዳ ነው።

እርግጥ ነው፣ አል-አሶም ቋንቋ ከያዙና እውቀት ከሰበሰቡ በኋላ የመስማት ችሎታቸውን ያጡ ሰው ናቸው፤ ከልደቱ ጀምሮ ድምፅ ያልሰማ ልጅ ጎዳና ከዚህ ይለያል። ንጽጽሩ የሚጠቅመው ተማሪዎቹ ስለተከተሉት መንገድ ነው። መምህራቸው መስማት እንደማይችሉ ስላወቁ የትምህርቱን አቀራረብ አስተካከሉ እንጂ መምህሩን አልተዉም።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ተጨባጭ ጉዳይ ይመራል። ኡሙል ቁራን በመሳሰሉ ተቋማት የቁርኣን ትምህርት የየትኛውም ክፍል ተማሪ ከሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች መካከል ነው፤ ተማሪው በቃሉ ይይዛል፣ በተጅዊድ ይቀራል፣ መምህሩም ሰምቶ ነጥብ ይሰጣል። ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ በመኽረጅና በመድ እንዴት ይፈተናል? ፈቂሆች መናገር የማይችል ሰው በሶላቱ ፋቲሓን በድምፅ የመቅራት ግዴታ እንደማይጫንበት ተናግረዋል፤ ልዩነታቸው ምላሱን ማንቀሳቀስ ይጠበቅበታል ወይስ በልቡ ይበቃዋል የሚለው ላይ ነው። በአላህ ፊት የተነሣ ግዴታ በሬጅስትራር ፊት ሊጸና አይገባም። ከኮርሱ ፈጽሞ ነፃ ማድረግም ግን ጥሩ መፍትሔ አይደለም፤ ተማሪው ከመጽሐፉ ይለያልና። ትርጉሙን፣ የወረደበትን ምክንያትና የቃላቱን ፍቺ በምልክት ቋንቋ ተምሮ በዚያው የሚፈተንበት መንገድ የተሻለ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከሸሪዓ ኮሌጅ የበለጠ የተመቸ ስፍራ አይገኝም።

ከአዳራሹ ውጭ ያለው የግቢ ሕይወት በመመሪያ አይገዛም፤ ብዙ ጊዜ ተማሪውን ከትምህርቱ የሚያስወጣው ግን እርሱ ነው። የመማሪያ ክፍል መቀየሩ በድምፅ ማጉያ ወይም ከአፍ ወደ አፍ ይነገራል። የእሳት አደጋ ደወል በማደሪያው ሲጮህ የማይሰማ ይተኛል፤ የሚያበራ መብራት ወይም የሚነዝር መሣሪያ ያስፈልገዋል። በቡድን ሥራ ላይ አምስት ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ሲያወሩ ስድስተኛው ስልኩን ያያል። በካፍቴሪያ፣ በአውቶቡስ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ በመስጂዱ ደጅ የሚደረገው ጨዋታ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ትልቁ ክፍል ነው፤ የትኛው መምህር ምን እንደሚያጠይቅ፣ የት ሥራ እንዳለ፣ ማን ማንን እንደሚያውቅ የሚታወቀው እዚያ ነው። አስተርጓሚ ወደ ካፍቴሪያ አይከተልም፤ መከተልም የለበትም፤ ወጣት ከጓደኛው ጋር የሚያወራው በሦስተኛ ሰው በኩል አይደለም።

ለዚህ መፍትሔው እንደ እርሱ በምልክት የሚናገሩ ጓደኞች ማግኘት ነው። የአሜሪካኖቹ ልምድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በዋሺንግተን በ1864 የተቋቋመው ጋላውዴት መስማት ለተሳናቸው የቆመ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1988 ተማሪዎቹ ግቢውን ዘግተው መስማት የተሳናቸው ፕሬዚዳንት እስኪሾም ድረስ አልንበረከክ ብለዋል። ይሁንና ለጅዳና ለመካ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላኛው ነው፦ በሮቸስተር ከተማ ከ1968 ጀምሮ በመደበኛ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ መስማት ለተሳናቸው የተደራጀው ኮሌጅ። ተማሪው በትልቁ ግቢ ከሚሰሙት ጋር ይማራል፤ ግን ብቻውን አይደለም፣ ብዙ መቶ አምሳያዎቹ አብረውት አሉ፤ አስተርጓሚዎችም በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ሥራቸውን እንደ ሙያ ያሳድጋሉ።

በሳዑዲ ዓረቢያ ያለው ዝንባሌ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ጥቂት ተማሪ እንዲቀበል ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። በተግባር ግን ሁለት ተማሪ ባለበት ዩኒቨርሲቲ ቋሚ አስተርጓሚ የሚቀጥር የበጀት ኃላፊ አይገኝም፤ ሁለቱም ተማሪዎች በልዩ ልዩ ክፍል ካሉ ደግሞ እርስ በርሳቸውም አይገናኙም። ተማሪዎቹን በተመረጡ ጥቂት ተቋማት ማሰባሰብ የተሻለ ነው። ጅዳና መካ በሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚራራቁ፣ ከ2018 ጀምሮም በሐረመይን ፈጣን ባቡር የተሳሰሩ ከተሞች ናቸው። የሁለቱ ከተሞች ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የጋራ የአስተርጓሚዎች ቡድን ቢያቋቁሙ፣ የሸሪዓና የቁርኣን ቃላትን በመካ፣ የሳይንስና የምህንድስና ቃላትን በጅዳ እያጠኑ ቢያሰባስቡ፣ በሐረሙ ኹጥባ የሚተረጉሙትን ባለሙያዎችም ልምድ ቢጠቀሙ፣ አሁን ተበታትኖ ያለው አቅም አንድ ይሆናል። ማሰባሰብ ወደ ድሮው መለያየት መመለስ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው የሚሠራው ተማሪዎቹ በተለየ ግቢ ቢቀመጡ ነበር፤ በአንድ ግቢ፣ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ መለኪያ እስከተማሩ ድረስ ብዛታቸው ጉልበት እንጂ አጥር አይሆንም።

ኮክሌር የተባለው በጆሮ ውስጥ የሚተከል መሣሪያ ይህን ሁሉ ያስቀራል ብለው የሚያምኑም አሉ። በሕፃንነት ለተተከለለትና የንግግር ሥልጠና ላልተቋረጠበት ልጅ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን በሰፊ አዳራሽ፣ በጫጫታ ውስጥ፣ መምህሩ ሩቅ ቆሞ ሲናገር መሣሪያውም ይቸገራል፤ ለሁሉም አይስማማም፣ ለሁሉም አይደርስም። በ1880 በሚላኖ የተሰበሰቡ መምህራን ንግግርን ብቻ እናስተምር ብለው ምልክት ቋንቋን ከትምህርት ቤት ሲያስወጡ በብዙ አገሮች ትውልዶች ያለ ሙሉ ቋንቋ አድገዋል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ በቫንኩቨር የተሰበሰበው ተመሳሳይ ጉባኤ በዚያ ውሳኔ መጸጸቱን አስታውቋል።

ጉዳዩ በጅዳና በመካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ሌላ ፊት አለው። የውጭ አገር ዜጎች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩት በአብዛኛው በነፃ ትምህርት ዕድል ሲሆን ቦታውም ጠባብ ነው፤ መስማት የተሳነው የስደተኛ ልጅ ግን ከመግቢያው በፊት ገና በቋንቋ ይፈተናል። እናቱ የምታወራው አማርኛ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚጽፈው ዐረብኛ ነው፤ ጓደኞቹ በእጃቸው የሚናገሩት የሳዑዲ ምልክት ነው። ቤተሰቡ ድንገት ወደ አገር ቤት ቢመለስ ደግሞ አራተኛ ይጨመርበታል። ድንገት የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ተመልሰዋል።

አራተኛው ቋንቋ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ የራሱ ውበትም አለው። የጣት ፊደሉ የተሠራው በግዕዝ ፊደል ላይ ነው፦ ለእያንዳንዱ ተናባቢ አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፤ እጁ ቅርጹን እንደያዘ እንቅስቃሴውን ብቻ እየለወጠ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይወርዳል። በዐረብኛ የጣት ፊደል ያደገ ልጅ ይህን ከመጀመሪያው መማር አለበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2008 በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ከፍቷል፤ መስማት የተሳናቸውም የሚሰሙም ተማሪዎች አብረው ይማሩበታል። ቋንቋውን ለአስተርጓሚ ፍጆታ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ የጥናት መስክ አድርጎ መያዙ ለጅዳና ለመካ ዩኒቨርሲቲዎችም የሚታይ አብነት ነው፤ የኢትዮጵያ ተቋማት በገንዘብ ሳይሆን በዚህ ቀድመዋል።

በወላጆች በኩል ከሁሉ የከፋው ስህተት ልጁ በእጁ መናገሩን ማሳፈር ነው። በአንዳንድ የአገራችን ቤቶች ምልክት እንደ ነውር ይታይና ልጁ እጁን እንዲሰበስብ ይነገረዋል፤ አፉ ሳይፈታ እጁም ይታሰራል። በማንኛውም ምልክት ቋንቋ ቢሆን በልጅነቱ አንድ ሙሉ ቋንቋ ያገኘ ሰው ሁለተኛውን በኋላ ይማረዋል፤ አንዱንም ያላገኘ ግን የትኛውም ዩኒቨርሲቲ የሚተካለት ነገር የለውም። እናቲቱም ብትሆን የልጇን ምልክት መማር አለባት፤ ቢያንስ ለምግብና ለእንቅልፍ ከሚበቃው አልፎ ስለ አላህ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ተስፋ ሊያወሩበት እስኪችሉ ድረስ።

ልጁ ለዩኒቨርሲቲ ደርሶ ሲያመለክት ደግሞ ቤተሰቡ በመቀበያው መስኮት «ትቀበላላችሁ ወይ?» ብሎ ቢመለስ ጥያቄው ግማሽ ነው። በልጁ ክፍል ስንት አስተርጓሚ ተመድቧል? በሴቶች ግቢስ? ከመሰናዶው ዓመት በኋላ አገልግሎቱ ይቀጥላል ወይስ እዚያው ያበቃል? የቁርኣን ኮርሱ ፈተና በምን መልክ ይሰጣል? በአሁኑ ሰዓት በግቢው ስንት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች አሉ፣ ከመካከላቸውስ የተመረቁት ስንት ናቸው?